ሦስት መድኃኒት ሞክሮ የሚጥል በሽታው አልተወውም፤ አሁን ምን ይደረግ?

ጥያቄ

«ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው ዱባይ ነው። 24 ዓመት የሆነው ታናሽ ወንድሜ አዲስ አበባ ከእናታችን ጋር ይኖራል። ሕፃን እያለ በትኩሳት ምክንያት ለረጅም ሰዓት ተንቀጥቅጦ ሆስፒታል ገብቶ ነበር። ከዚያ ደህና ሆኖ አደገ። 13 ዓመቱ ላይ የሚጥል በሽታ ጀመረው። መጀመሪያ «ከሆዴ ተነስቶ ወደ ላይ የሚወጣ ነገር ይሰማኛል» ይላል። ከዚያ ይፈዝዛል፣ አፉን ያላምጣል፣ ልብሱን ይነካካል፣ ብንጠራው አይሰማም። ይህ በሳምንት አንድ ሁለቴ ይመጣል። በወር አንዴ ገደማ ደግሞ ወድቆ ይንቀጠቀጣል። ፌኖባርቢታል ለዓመታት ወስዷል። ቀጥሎ ካርባማዜፒን ተጨመረለት፤ 200 ሚሊግራም ጠዋት፣ 200 ማታ። እኔም ከዚህ ኬፕራ በሰው እልክለት ነበር። ሦስት ወር ጥሩ ሆኖ ሳለ መድኃኒቱ አለቀ። በዚያው ሳምንት ተደጋግሞ ጣለውና ድንገተኛ ክፍል ገባ። «ይሄም አልሠራም» ተብሎ ቀረ። ሲቲ ስካን ተነስቶ ንጹሕ ነው ተባለ። አሁን «መድኃኒት እምቢ ያለ ነው» አሉን። ጠንከር ያለ መድኃኒት ልላክ? ሕንድ ልውሰደው? እናቴ ጸበል ትላለች። ጎረቤት የጥሬ ሥጋ ትል ነው ይላል። ኬቶ የሚባል አመጋገብም ሰምቻለሁ። ግራ ገብቶኛል።»

ምላሽ

እህቴ፣ ከመልሱ ልጀምር። በነገሩኝ መሠረት ወንድምዎን «መድኃኒት እምቢ ብሎታል» ለማለት ገና ነው። የበሽታው ዓይነት ግን ብዙ ጊዜ መድኃኒት እምቢ ከሚሉት አንዱ ይመስላል። ስለዚህ ሁለት ሥራ ጎን ለጎን መሄድ አለበት። አንደኛው መድኃኒቱን በደንብ ማስተካከል ነው። ሁለተኛው አንጎሉን በትክክለኛ ኤምአርአይ፣ ማለትም በማግኔት በሚነሳ ምስል፣ ማየት ነው። አንዱ እስኪያልቅ ሌላው አይጠብቅ። ብዙ ቤተሰብ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ክኒን ሲቀያየር አሥር ዓመት ያልፋል፣ ልጁ ትምህርቱንም ሥራውንም ያጣል፣ ስለ ቀዶ ሕክምና የሚያነሳ ሰው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

መድኃኒት እምቢ አለ የሚባለው መቼ ነው? ዓለም አቀፉ ፀረ-ኢፒለፕሲ ሊግ በ2010 እ.ኤ.አ. መለኪያውን ግልጽ አድርጎ አስቀምጧል። ለበሽታው ዓይነት የሚስማሙ ሁለት መድኃኒቶች፣ ለየብቻም ይሁን አብረው፣ በበቂ መጠን እና ሳይቋረጡ ተወስደው በሽታውን ካላቆሙት ነው። ቁጥሩ ሁለት ነው። አምስትም ስድስትም አይደለም። ግን ሁለቱም በሚገባ የተሞከሩ መሆን አለባቸው። መድኃኒቱ ገና በትንሽ መጠን ሳለ ሽፍታ አምጥቶ ከተቋረጠ ከቁጥር አይገባም። ሳይደርስ ከቀረም አይገባም።

እስቲ የወንድምዎን ሦስት መድኃኒቶች በዚህ እንመዝናቸው።

ፌኖባርቢታል ከ1912 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ መድኃኒት ነው። ርካሽ ነው፣ በቀን አንዴ ይበቃል፣ አገር ቤት ከሌሎቹ ይልቅ በቀላሉ ይገኛል። አሮጌ ነው ብሎ መናቅ ልክ አይደለም። በእሱ ብቻ በሽታው ቆሞላቸው ትዳር ይዘው፣ እርሻቸውን እያረሱ የሚኖሩ ብዙ ናቸው። ወንድምዎ ስንት ሚሊግራም እንደሚወስድ አልጻፉልኝም። በበቂ መጠን ለዓመታት ከወሰደና በሽታው ካልቆመ፣ አንድ ብለን እንቁጠረው።

ካርባማዜፒን ለዚህ ዓይነት በሽታ ጥሩ ምርጫ ነው። መጠኑ ግን ትንሽ ነው። በቀን 400 ሚሊግራም ለአንድ ወጣት አብዛኛውን ጊዜ መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም። ብዙ አዋቂዎች ቀስ እየተባለ ተጨምሮላቸው ከ800 እስከ 1200 ሚሊግራም ድረስ ይወስዳሉ። በዚያ ላይ አንድ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። ፌኖባርቢታል ጉበት መድኃኒትን ቶሎ ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል። አብሮት የሚወሰደው ካርባማዜፒንም በደም ውስጥ ይቀንሳል። ስለዚህ ወንድምዎ ያንን ትንሽ መጠን እንኳ በሙሉ አላገኘውም። ይህን አልቆጥረውም።

ኬፕራ፣ በመድኃኒት ስሙ ሌቬቲራሴታም፣ ሦስት ወር ጥሩ ነበር ብለዋል። አለቀ፣ ከዚያ ጣለው። ይህ ታሪክ መድኃኒቱ ሳይሠራ እንዳልቀረ ነው የሚናገረው። ሌቬቲራሴታም ከደም ቶሎ የሚወጣ ነው፤ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ግማሹ ይሄዳል። በሁለት ቀን ውስጥ ሰውነቱ ባዶ ይሆናል። የሚጥል በሽታ መድኃኒት ድንገት ሲቆም በሽታው ከበፊቱ ብሶ፣ ተከታትሎ ሊመጣ ይችላል። ድንገተኛ ክፍል ያስገባውም ይህ ሳይሆን አይቀርም። ሦስት ወር በሽታው ቆመ ለማለት አጭር ጊዜ ነው፤ በጥቅሉ ቢያንስ አንድ ዓመት እንጠብቃለን። በሳምንት አንድ ሁለቴ ለሚነሳበት ልጅ ግን ሦስት ወር ትልቅ ምልክት ነው። ይህም እንደ ሽንፈት አይቆጠርም።

ስለዚህ ከሦስቱ በትክክል ወድቋል የምንለው ቢበዛ አንዱን ነው።

በሰው ስለሚላክ መድኃኒት ትንሽ ልቆይ፤ ይህን ጉዳይ ከዱባይም፣ ከሪያድም፣ ከዋሽንግተንም የምሰማው ስለሆነ። የምትልኩት ከፍቅር ነው፣ ከደመወዛችሁ ቀንሳችሁ ነው። ግን የሚጥል በሽታ መድኃኒት እንደ ቫይታሚን አይደለም። መንገደኛው ቢዘገይ፣ ሻንጣው ቢጠፋ፣ የእርስዎ ሥራ ቢቋረጥ፣ ዋጋውን የሚከፍለው ታማሚው ነው። ስለዚህ ለአንድ ዓመት ያለማቋረጥ እንደሚገኝ እርግጠኛ ያልሆኑበትን መድኃኒት አያስጀምሩት። መጀመሪያ አዲስ አበባ ያለው ሐኪምና ፋርማሲ በቋሚነት የሚገኘው የቱ እንደሆነ ይንገሯችሁ። አገር ውስጥ የሚሠራ ወይም በየጊዜው የሚገባ ሌቬቲራሴታም ከተገኘ ኬፕራ የሚለው ስም ራሱ አያስፈልግም። መላክ ካለብዎት እናትዎ ቤት ሁልጊዜ የሁለት ወር መጠባበቂያ ይኑር። ሐኪሙ የማያውቀው ክኒን ቤት ውስጥ መኖር የለበትም። ደግሞ ይህ መድኃኒት አንዳንድ ሰው ላይ ቁጣና ድብርት ያመጣል። ጠባዩ ድንገት ከተለወጠ ሐኪሙ ወዲያው ይወቅ።

«ጠንከር ያለ መድኃኒት ልላክ?» ላሉት፣ እርስዎ በሚያስቡት መንገድ ጠንካራና ደካማ የለም። በስኮትላንድ ግላስጎው የተደረገውና በ2000 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት ይህን በደንብ ያሳያል። ከዚያ በፊት ሕክምና ጀምረው የማያውቁ 470 ሰዎች ነበሩበት። 47 በመቶው በመጀመሪያው መድኃኒት በሽታው ቆመላቸው። ሁለተኛው መድኃኒት 13 በመቶ ጨመረ። ከዚያ በኋላ የተሞከረው ሁሉ ተደምሮ 4 በመቶ ያህል ብቻ ጨመረ። ያው ቡድን ሥራውን ቀጥሎ በ2018 እ.ኤ.አ. የ1,795 ሰዎችን ውጤት አወጣ። በመሀል ብዙ አዳዲስ መድኃኒቶች ገበያ ገብተው ነበር። ሆኖም ከበሽታው ያረፉት አሁንም 64 በመቶ ገደማ ነበሩ። አዳዲሶቹ የጎንዮሽ ጉዳታቸው ቀለል ያለ ሊሆን ይችላል፣ ከሌላ መድኃኒት ጋርም ብዙ አይጋጩም። በሽታ በማቆም ግን ከአሮጌዎቹ እምብዛም አይበልጡም። በ2019 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ሴኖባሜት ለአንዳንዶች የተሻለ ተስፋ አሳይቷል። ለወንድምዎ ዛሬ የሚያስፈልገው ግን እሱ አይደለም።

ከዚህ ጥናት ሁለት ነገር እወስዳለሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት መድኃኒቶች ወርቃማ ዕድል ናቸው፤ በትንሽ መጠንና በመቆራረጥ ሊባክኑ አይገባም። ሁለቱ በትክክል ተሞክረው ካልሠሩ ደግሞ ሦስተኛውና አራተኛው ላይ ተስፋ ጥሎ መቀመጥ ጊዜ ማጥፋት ነው። መድኃኒቱ ይቀጥላል፣ ግን ጥያቄው «የትኛው ክኒን?» መሆኑ ቀርቶ «ከየት ነው የሚነሳው?» ይሆናል።

እዚህ ላይ በሽታው በእርግጥ የሚጥል በሽታ መሆኑም ይጣራ። መድኃኒት አልመለሳቸውም ተብለው ወደ ትልልቅ የሚጥል በሽታ ማዕከሎች ከሚላኩት መካከል ከአራት ወይም ከአምስት አንዱ ሌላ ችግር ይገኝበታል። አንዳንዱ የልብ ምት መዛባት ነው። ብዙው ከጭንቀትና ካለፈ ጉዳት ጋር የተያያዘ፣ የአንጎል ኤሌክትሪክ ሳይረበሽ የሚመጣ መንቀጥቀጥ ነው። ይህ ማስመሰል አይደለም፣ ሰውየው ፈልጎ አያመጣውም። ሕክምናው ግን የንግግር ሕክምና እንጂ ክኒን መደራረብ አይደለም። አንዳንዱ ሰው ሁለቱም አለበት። የወንድምዎ ታሪክ እውነተኛውን የሚጥል በሽታ በጣም ይመስላል፣ ማረጋገጡ ግን አይጎዳም።

ለዚህ ከሁሉም በላይ የሚረዳኝ በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ ነው። እናትዎ ወይም አብሮት ያለ ሰው ሲነሳበት ይቅረጽ። መጀመሪያ ደህንነቱ ይጠበቅ፣ ቀጥሎ ስልኩ ይነሳ። ፊቱና ሁለቱ እጆቹ ይታዩ። ዓይኑ ተከፍቷል ወይስ ተጨፍኗል? አንዱ እጁ ደርቆ ይጣመማል? የትኛው? ስሙን ይጥሩት፣ «ብርቱካን» ብለው አንድ ቃል ይንገሩትና ሲነቃ ያስታውስ እንደሆነ ይጠይቁት። ሲነቃ እስክሪብቶ አሳይተው ምን ይባላል ይበሉት። ወዲያው መናገር ካቃተው ነገሩ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ንግግር ካለበት ወገን ነው፤ ይህም በአብዛኛው ሰው ግራው ነው። ሲያበቃ አፍንጫውን በየትኛው እጁ ይጠርጋል? ይህ ተራ ነገር ይመስላል። ግን እንዲህ ባለው በሽታ ብዙ ጊዜ የሚጠርገው በሽታው በተነሳበት ወገን ባለው እጅ ነው። ቪዲዮው እስኪነቃ ድረስ ይቀጥል፤ ብዙ ሰው ቶሎ ያጠፋዋል።

ኢኢጂ፣ ማለትም የአንጎልን ኤሌክትሪክ የሚመዘግበው ምርመራ፣ ተነስቶ ንጹሕ ነው ቢባልም አይዘኑ፣ አይደሰቱም። አንድ ጊዜ የሚነሳ ተራ ኢኢጂ ከታማሚዎቹ ግማሽ ያህሉ ላይ ምንም ላያሳይ ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ሕፃንነት ላይ ረጅም የትኩሳት መንቀጥቀጥ። ከዚያ ዓመታት ሰላም። ጉርምስና ላይ ከሆድ የሚወጣ ስሜት፣ መፍዘዝ፣ አፍ ማላመጥ፣ ልብስ መነካካት። ይህን ታሪክ የነርቭ ሐኪም ሲሰማ መጀመሪያ የሚያስበው በጆሮ ግንድ በኩል ያለውን የአንጎል ክፍል ነው። እዚያ ውስጥ ሂፖካምፐስ የምትባል፣ ትዝታን የምትይዝ ትንሽ አካል አለች። በአንድ ወገን ያለችው ተጎድታ፣ ጠባሳ ይዛና ኮስሳ ከተገኘች የሚጥል በሽታ መነሻ ትሆናለች። መድኃኒት እምቢ ከሚሉ የአዋቂ የሚጥል በሽታዎች በጣም የታወቀው ይህ ነው። በቀዶ ሕክምና ከሁሉም የተሻለ ውጤት ያለውም ይኸው ነው።

ሲቲ ስካን ደግሞ ይህችን ጠባሳ አብዛኛውን ጊዜ አያሳይም። «ንጹሕ ነው» የተባለው ሲቲ ትልቅ ዕጢ ወይም ደም መፍሰስ እንደሌለ ይነግረናል፣ ከዚያ በላይ አይነግረንም። የሚያስፈልገው ኤምአርአይ ነው። ኤምአርአይም ቢሆን እንዲሁ «የጭንቅላት ኤምአርአይ» ተብሎ ከታዘዘ በወፍራም ቁራጭ ተነስቶ ሊያልፋት ይችላል። ሐኪሙ ማዘዣው ላይ «የሚጥል በሽታ ፕሮቶኮል፣ ሂፖካምፐስን በቀጭኑ» ብሎ ይጻፍ። ታሪኩም ባጭሩ አብሮ ይጻፍ፤ ምስሉን የሚያነብ ሐኪም ምን እንደሚፈልግ ካላወቀ ያልፈዋል። አዲስ አበባ ውስጥ ኤምአርአይ ማስነሳት ይቻላል። ለሕንድ አውሮፕላን ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት ገንዘቡን እዚህ ላይ ያውጡት።

ቀዶ ሕክምና ሲባል እናትዎ እንደሚደነግጡ አውቃለሁ። ጭንቅላት መከፈት ቀላል ቃል አይደለም። ግን ማስረጃው ጠንካራ ነው። በካናዳ ለንደን ኦንታሪዮ የተደረገ፣ በ2001 እ.ኤ.አ. የታተመ ሙከራ አለ። እንደ ወንድምዎ ያለ በሽታ ያለባቸው 80 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። 40ው ቀዶ ሕክምና እንዲያገኙ፣ 40ው በመድኃኒት እንዲቀጥሉ ተደረገ። ከአንድ ዓመት በኋላ ራስን የሚያስቱት መነሳቶች የቆሙላቸው ከቀዶ ወገን 58 በመቶ፣ ከመድኃኒት ወገን 8 በመቶ ነበሩ። በዚያ ዓመት አንድ ሰው ሞቷል፤ የሞተው በመድኃኒት ከቀጠሉት ወገን ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ የአሜሪካ ሙከራ ደግሞ ሁለት መድኃኒት ከወደቀባቸው ብዙ ያልቆዩትን ብቻ አየ። ጥናቱ ትንሽ ነበር፤ በቂ ሰው ስላልተገኘ ቀድሞ ቆመ። ቀዶ ሕክምና ከተመደበላቸው 15 ሰዎች በሁለተኛው ዓመት 11ዱ አንድም ጊዜ አልተነሳባቸውም። በመድኃኒት ከቀጠሉት 23 ሰዎች አንድም አልነበረም።

ጉዳትም አለው። በተለይ በግራ ወገን ከሆነ የቃላት ትዝታ ሊቀንስ ይችላል። የዕይታ ላይኛው ጥግ ሊጠፋ ይችላል፤ ብዙው ሰው ልብ አይለውም። ከመቶ አንድ ሁለት ሰው ላይ ደግሞ እንደ ስትሮክ ያለ ከባድ ጉዳት ይደርሳል። ከቀዶ በኋላም መድኃኒት ወዲያው አይቆምም፣ አንድ ሁለት ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ይቀጥላል። ይህን ሁሉ ቤተሰቡ አስቀድሞ ይስማ።

ሕንድን በተመለከተ፣ ሐሳብዎ መሠረት አለው። በደቡብ ሕንድ ኬረላ የሚገኘው የስሪ ቺትራ ቲሩናል ተቋም ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሚጥል በሽታ ቀዶ ሕክምና ይሠራል፤ በዚህ ሥራ ዓለም ያውቀዋል። ግን በደላላ ፓኬጅ ገዝተው አይሂዱ። የትም ይሁን የት፣ ከቀዶው በፊት መደረግ ያለበት ነገር አለ። ቀንና ሌሊት ተኝቶ በቪዲዮና በኢኢጂ ይከታተሉታል፤ እዚያው ሲነሳበት ከየት እንደሚጀምር ይታያል። የትዝታና የንግግር ፈተና ይሰጠዋል። የነርቭ ሐኪሙ፣ ቀዶ ሐኪሙና የምስል ሐኪሙ አብረው ተቀምጠው ይወስናሉ። ምስሉ፣ ቪዲዮውና ኢኢጂው አንድ ቦታ ካመለከቱ ቀዶ ይሠራል። ይህን ሳያደርግ «በሳምንት ውስጥ ኦፕሬሽን» የሚል ሆስፒታል ካለ ይሽሹ። ይህ መንገድ ገንዘብ ይበላል፤ ስለዚህ ኤምአርአዩ አዲስ አበባ ተነስቶ ሲዲው አስቀድሞ ይላክ፣ መልስ ሲመጣ ትኬት ይቆረጥ።

በቀዶ መሠራት ለማይችሉ ሌሎች መንገዶች አሉ። በአንገት በኩል የሚያልፈውን የቬገስ ነርቭ የሚያነቃቃ፣ ደረት ላይ ከቆዳ በታች የሚቀመጥ መሣሪያ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል። በሽታውን ይቀንሳል፣ ሙሉ በሙሉ የሚያቆምላቸው ግን ጥቂቶች ናቸው። ውድ ነው፣ ባትሪውም ይቀየራል። ለወንድምዎ የመጀመሪያ ምርጫ አይደለም።

ኬቶም እንዲሁ። አመጋገቡ ከ1921 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሚጥል በሽታ የታወቀ ነው፤ ስሙን ያወጣለት የማዮ ክሊኒኩ ራስል ዋይልደር ነው። በተለይ ሕፃናት ላይ በደንብ ይሠራል። ግን ክብደት ለመቀነስ በቲክቶክ የሚታየው አይደለም። በሐኪምና በሥነ ምግብ ባለሙያ የሚመዘን፣ ደም እየተመረመረ የሚሄድ ሕክምና ነው። እንጀራ ይቀራል፣ ሽሮ ይቀራል። በጾም ጊዜ ሥጋ፣ ቅቤና እንቁላል ሲቀሩ ደግሞ የሚበላው ነገር ያልቃል። ለ24 ዓመት ወጣት በእናቱ ቤት ይህን አልመክርም።

የጎረቤትዎ ነገር አጭር መልስ አለው። ከጥሬ የበሬ ሥጋ የሚመጣው የኮሶ ትል አንጎል ውስጥ አይገባም። አንጎል የሚገባውና የሚጥል በሽታ የሚያመጣው የአሳማው ትል ነው፤ እሱም ትሉ ካለበት ሰው በሚወጣ እንቁላል በተበከለ ምግብና ውኃ ይተላለፋል። ኤምአርአይ ሲነሳ ይህም አብሮ ይታያል።

ስለ ጸበል በአክብሮት ልናገር። እናትዎ እምነት አላቸው፣ ልጃቸው ታሟል፣ መጸለይ መብታቸው ነው። ጸበሉን የሚከለክል ምክንያት የለኝም። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ክኒኑ አይቋረጥ። ለሰባት ቀን ተብሎ ፌኖባርቢታል ሲቆም ምን እንደሚሆን የድንገተኛ ክፍል ሐኪሞች ያውቁታል። ሳያቋርጥ የሚጥል መንቀጥቀጥ ይመጣል፤ ሰው ይገድላል። የንስሐ አባታቸውን ያነጋግሩ፣ ክኒኑን በጸበሉ ውኃ ይዋጥ። በጾም ጊዜም ጠዋት ባዶ ሆዱን በጥቂት ውኃ መውሰድ ይችላል። ይህ ከከበደው ሐኪሙ ሰዓቱን ያስተካክልለት እንጂ ራሱ አይዝለል። ረመዳን ለሚጾሙ አንባቢዎችም ያው ነው፤ ሱሑርና ኢፍጣር ላይ የሚበቃ መድኃኒት እንዳለ አስቀድመው ይጠይቁ።

ከጸበሉ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ሌሊቱን ሙሉ መቆሙ ነው። እንቅልፍ ማጣት በሽታውን ይቀሰቅሳል። ማኅሌት ቆሞ ያደረ፣ ለፈተና ያነጋ፣ ጫት ቅሞ ያደረ፣ ለአንጎሉ ሁሉም ያው እንቅልፍ ማጣት ነው። ወጣት ስለሆነ ጫትና መጠጥ እንዳለ በቁጣ ሳይሆን በእህትነት ይጠይቁት። ክኒኑንም በእርግጥ ይውጥ እንደሆነ እንዲሁ። ብዙ ወጣት ጓደኛ እንዳያየው ብሎ ይዘላል። የሚያሳፍር ነገር የለውም። በፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት መሪነት በመስቃንና ማረቆ ተደርጎ በ1990 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት ከሺህ ሰው 5 ያህሉ ይህ በሽታ እንዳለባቸው አግኝቷል። በአንድ ትልቅ ትምህርት ቤት ውስጥ እንደሱ ያሉ ብዙ ናቸው ማለት ነው።

ይህን የምታነቡ ሴቶች ካላችሁ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ሶዲየም ቫልፕሮኤት የሚባለው የሚጥል በሽታ መድኃኒት በእርግዝና ጊዜ ከተወሰደ ከመቶ 10 ያህል ሕፃናት ላይ የአካል ጉድለት ያመጣል፤ ከ30 እስከ 40 የሚሆኑት ላይ ደግሞ የአእምሮ ዕድገት ችግር። መውለድ የምታስቡ ከሆነ ከመፀነሳችሁ በፊት ከሐኪም ጋር ተነጋገሩ፣ ራሳችሁ ግን አታቁሙት። ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን ደግሞ የእርግዝና መከላከያ ክኒንና በክንድ የሚቀበረውን ያዳክማሉ።

ስለ አደጋው በግልጽ ልንገርዎ። የሚጥል በሽታ ካለባቸው አዋቂዎች በዓመት ከሺህ አንዱ ገደማ፣ ብዙ ጊዜ ሌሊት፣ በድንገት ይሞታል። ወድቀው የሚንቀጠቀጡትና በሽታው ያልቆመላቸው ላይ አደጋው ይበልጣል። ለዚህ ነው «በወር አንዴ ብቻ ነው» ብዬ የማላልፈው። ብቻውን ክፍል ዘግቶ አይተኛ። መታጠቢያ ቤት በሩ ከውስጥ አይቆለፍ። ከሰል ምድጃና የፈላ ውኃ አጠገብ ብቻውን አይቀመጥ።

ሲጥለው እናትዎ የሚያደርጉት ይህ ነው። ሰዓት ይመልከቱ። ከራሱ ሥር ለስላሳ ነገር ያድርጉ፣ በጎኑ ያስተኙት። አፉ ውስጥ ማንኪያ አይክተቱ፣ ክብሪት ጭረው አያሽትቱት፣ እጅ እግሩን ይዘው አይታገሉት። ቢነኩት አይተላለፍባቸውም። 5 ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም ሳይነቃ ከደገመው፣ ወዲያው ሆስፒታል ይወሰድ። የመድኃኒቶቹ ስምና መጠን የተጻፈበት ወረቀት በኪሱ ይኑር።

እንግዲህ በቅደም ተከተል፦ እርስዎ አዲስ ክኒን አይላኩ። ጥቁር አንበሳም ሆነ ሌላ ሆስፒታል፣ የነርቭ ስፔሻሊስት ጋ ቀጠሮ ይያዝለት። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሐኪሞች ሥልጠና ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስላለ ስፔሻሊስት ማግኘት ከድሮው ይቀላል። ይዞ የሚሄደው ቪዲዮውን፣ እስካሁን የወሰዳቸውን መድኃኒቶች ከነመጠናቸውና ከነጊዜያቸው፣ በየቀኑ የተነሳበትን የሚያሳይ ደብተር ነው። ሐኪሙ ካርባማዜፒኑን ሊጨምር፣ ወይም አገር ውስጥ የሚገኝ ሌቬቲራሴታም ሊያስጀምር፣ ፌኖባርቢታሉን በወራት ውስጥ ቀስ አድርጎ ሊቀንስ ይችላል። ያንን እሱ ይወስን። በዚያው ቀን የኤምአርአይ ማዘዣውን ይጠይቁ፤ «መድኃኒቱን እንይና» ከተባለ «ሁለቱን አብረን እናድርግ» ይበሉ። ሲነሳም ፊልሙን ብቻ ሳይሆን ሲዲውን ይቀበሉ። ሪፖርቱ ሲደርስ ስሙንና የካርድ ቁጥሩን ሸፍነው ይላኩልኝ፤ ሂፖካምፐስን በስም ጠቅሶ የተጻፈ ነገር ካለ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።